በደብረ ብርሃን ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ስለ አንድ የሳይንስ መምህር

በፋኩልቲው የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዚህ መርሐ ግብር አዘጋጆች በሙያዬ ላይ ትልቁን ተጽዕኖ ስላሳደረ ሰው እንድናገር ሲጠይቁኝ ብዙዎቻችሁ የዶክትሬት ጥናቴን ያማከሩኝን ፕሮፌሰር አነሣለሁ ብላችሁ ሳትገምቱ አትቀሩም። ለእርሳቸው ያለኝ ምስጋና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዛሬ የምናገረው በስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ስላስተማሩኝ መምህር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እንዳልጠራው የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። ንግግሬ ምስጋና ብቻ እንዳልሆነም አስቀድሜ ልናገር። ከእርሳቸው የተማርሁትን ነገር እኔ ራሴ መምህር ከሆንሁ በኋላ አንድ ጊዜ ክጄዋለሁ፤ ዛሬ ስለዚያም እናገራለሁ።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በክፍላችን 65 ተማሪዎች ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበረ አብዛኞቻችን የሳይንስ መጽሐፋችንን ከመረዳት ይልቅ በቃላችን መያዝ ይቀናን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ “ሚኒስትሪ” የምንለው ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀናል። ፈተናውን ያለፈ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ይዘልቃል፤ የወደቀ ደግሞ ወደ እርሻው ወይም ወደ ቀን ሥራ ይመለሳል። ስለዚህ ለእኛ ዕውቀት ማለት በፈተና ወረቀት ላይ የሚከበበው መልስ ነበር። በዚያ ላይ ዘመኑ “ለምን?” ብሎ መጠየቅ በብዙ ቦታ የማይወደድበት ዘመን እንደነበረ የእኔ እኩዮች ታስታውሳላችሁ።

መምህራችን በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። እንደ ወጉ “ጋሼ” እንላቸዋለን። በአንድ የኅዳር ጠዋት፣ ሜዳው ገና በውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ ከቤታቸው የነጭ ጋዝ ምድጃና የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። ከካፖርታቸው ኪስም በጋዜጣ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር አወጡ። በትምህርት ቤታችን የነበረው ደኅና ቴርሞሜትር እርሱ ብቻ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ ነጥበ ፍሌት፣ ማለትም አንድ ፈሳሽ ስለሚፈላበት መጠነ ሙቀት ነበር። ምድጃውን ለኩሰው ማንቆርቆሪያውን ጣዱና፣ ውሃው ሲንፈቀፈቅ ቴርሞሜትሩን በክር አንጠልጥለው አስገቡት። ከዚያ በየዴስኩ አንድ አንድ ተማሪ እየወጣ ቁጥሩን እንዲያነብና በደብተሩ እንዲጽፍ አዘዙ።

ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። ሜርኩሪው 91 ላይ ቆሟል። ጥቂት ቢጨምር ብዬ ጠበቅሁት፤ አልጨመረም። ወደ ቦታዬ ተመልሼ በደብተሬ ላይ “100” ብዬ ጻፍሁ።

ይህን ያደረግሁት ለመዋሸት አስቤ አልነበረም። መጽሐፉ 100 ይላል፤ ጥቁር ሰሌዳው 100 ይላል፤ ፈተናውም 100 ይላል። እኔ ማን ነኝና 91 እላለሁ? ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል፣ ቴርሞሜትሩን አጣምሜ አይቼው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ጋሼ ደብተራችሁን አንብቡ ሲሉን ከፊት ዴስክ እስከ ኋላ ዴስክ ሁላችንም 100 አልን። ያልተለየ አንድም ድምፅ አልነበረም።

መምህራችን ፈገግ ብለው ራሳቸው ወደ ማንቆርቆሪያው ጎንበስ አሉ። ፈገግታቸው ጠፋ። ቴርሞሜትሩን አውጥተው ጠረጉት፤ መልሰው ከተቱት፤ ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ “ይህ የሚያሳየው 91 ነው። ከእናንተ ውስጥ 91 ያየ የለም?” አሉ። ማንም እጁን አላነሣም። በስተመጨረሻ አንዲት ልጅ በፍርሃት እጇን ከፍ አደረገች። ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ግማሹ ክፍል። ተቆጥተው ይገርፉናል ብለን ስንጠብቅ፣ “እንግዲህ ሁላችሁም ያያችሁትን ሰርዛችሁ ያላያችሁትን ጻፋችሁ ማለት ነው” አሉ። ከዚያም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣውን ነገር ተናገሩ፦ “ለምን 91 እንዳሳየ እኔ አላውቅም። ነገ እንመለስበታለን።”

እስከዚያ ቀን ድረስ መምህር በተማሪዎቹ ፊት “አላውቅም” ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሳህን ይዘው መጡ። ሌሊቱን ውሃ ሞልተው ደጅ አሳድረውት ኖሮ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ከላዩ ላይ በረዶ ጋግሮበታል። በረዶውን ሰባብረው ቴርሞሜትሩን ከመካከሉ ተከሉት። ሜርኩሪው ወርዶ ወርዶ 0 ላይ ቆመ። “ቴርሞሜትሩ ታች ላይ አይዋሽም” አሉን። “ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን ይዋሻል? ምናልባት የተለየው ውሃው ወይም ቦታው ሊሆን ይችላል። እስኪ አስቡ።”

ትናንት መጀመሪያ እጇን ያነሣችው ልጅ ተነሥታ፣ እናቷ ሸዋ ሮቢት ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ስትወርድ የባቄላ ንፍሮ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ቶሎ እንደሚበስልላት ዘወትር እንደምትናገር ገለጸች። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ሳይንስና ንፍሮ ምን አገናኛቸው? ጋሼ ግን አልሳቁም። ጠመኔ አንሥተው በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ “ንፍሮ ሸዋ ሮቢት ቶሎ ይበስላል” ብለው ጻፉ፤ ሥሩንም አሰመሩበት።

ቅዳሜ ዕለት በራሳቸው ገንዘብ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል፤ ጣሊያኖች በሠሩት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይጠማዘዛል፤ ከዚያም ሙቀቱ እየጨመረ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ቴርሞሜትሩን በሸሚዝ ጠቅልለው፣ እንዳይሰበር በጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ወደ አንድ ሻይ ቤት ገብተው ባለቤቷን አስፈቀዱና ከሚፈላው ውሃ ውስጥ ከተቱት። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተው ምንም ሳይናገሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ደብረ ብርሃን 91፣ ሸዋ ሮቢት 96።

ምክንያቱን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የከባቢ አየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ነጥበ ፍሌቱ በ1 ዲግሪ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል በታች በሆነው ዳሎል ደግሞ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ባቄላውም ደጋ ላይ የሚዘገየው ውሃው እየፈላም ቢሆን ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። የልጅቷ እናት ቴርሞሜትር ሳትይዝ ይህን ለክታ ነበር።

መምህራችን ይህን ካስረዱን በኋላ መጽሐፋችንን አስገለጡን። ዓረፍተ ነገሩ “ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል” ብሎ አያበቃም ነበር፤ “በባሕር ጠለል ላይ” የሚል ሐረግ ተከትሎታል። መጽሐፉ አልዋሸም። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ግማሹን ዓረፍተ ነገር ስናጠና ኖረናል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሳይንስን ታሪክ ሳነብ አንድ ገጽ ላይ ደርሼ ብቻዬን ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የአየር ክብደት ከከፍታ ጋር ይለዋወጥ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። የእህቱ ባል ፍሎሪን ፔሪዬ በፓስካል ጥያቄ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ወጣ፤ ከላይም ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ አገኘው። በስሙ የምንጠራውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1742 ያቀረበው አንደርስ ሴልሲየስም ነጥበ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዦች የተራሮችን ከፍታ ለመገመት ውሃ እያፈሉ ቴርሞሜትር ያነቡ ነበር። የእኔ መምህር አዲስ ነገር አላገኙም። ሆኖም ቴርሞሜትር በጭናቸው ይዘው ጣርማ በርን ሲወርዱ የሠሩት ሥራ ፔሪዬ ከሠራው ሥራ በዓይነቱ አይለይም። ሳይንስ ሌሎች ሠርተውት እኛ የምናጠናው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ኬሚስትሪን የመረጥሁትም በዚያ ምክንያት ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልምጣ።

ከዐሥር ዓመታት በፊት ገደማ አስተምርበት በነበረ ተቋም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ኮርስ እሰጥ ነበር። ተማሪዎቹ የአንድን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ መጠን በታይትሬሽን እንዲለኩ ታዘዙ። ውሁዱ የተዘጋጀው 0.1 ሞላር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ተማሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። 40 ሪፖርቶች ቀረቡልኝ። 39ኙ 0.1 ወይም ለዚያ እጅግ የቀረበ ቁጥር ነበራቸው። የአንዲት ተማሪ ሪፖርት ግን 0.08 ይላል። በቀይ እስክሪብቶ “የአሠራር ስሕተት” ብዬ ጻፍሁና ዝቅተኛ ውጤት ሰጠኋት።

ተማሪዋ ቢሮዬ መጣች። “ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያገኘሁት ያንኑ ነው” አለችኝ። እኔም፣ “ሦስት ጊዜ መሳሳት ትክክል አያደርግም” ብዬ መለስኋት። በዚያ ቀን በመልሴ ተደስቼ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ለሌላ ክፍል ሲያዘጋጅ የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ጠርሙስ ክዳን ተሰንጥቆ እንደቆየ ነገረኝ። እንደምታውቁት ይህ ንጥረ ነገር ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ ከአየር ርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ስለዚህ ተመዝኖ ሲበጠበጥ ከታሰበው ያነሰ መጠን ይሰጣል። ተቀምጬ ራሴ ለካሁት። ያገኘሁት 0.08 ነው።

ይህ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ከ40 ሰዎች ያየችውን የጻፈችው አንዲት ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ከመልሱ ተነሥተው ወደ ኋላ ሠርተዋል። እኔም ለ39ኙ ሽልማት፣ ለእርሷ ቅጣት ሰጠሁ። ያን የ1976ቱን ክፍል ከነዴስኩ መልሼ ሠርቼዋለሁ፤ ልዩነቱ በዚህኛው ክፍል መምህሩ እኔ መሆኔ ነው።

የተማሪዋን ውጤት አስተካከልሁ። ለክፍሉ ግን አልነገርሁም። የሴሚስተሩ ፈተና ደርሷል፣ ጊዜ የለም፣ ሌሎቹን ማስደንገጥ አያስፈልግም እያልሁ ምክንያት ደረደርሁ። እውነቱ ግን ማፈሬ ነው።

በዚያው ዓመት የጥር ወር ወደ ደብረ ብርሃን ሄጄ ጋሼን ጠየቅኋቸው። ገና ጡረታ መውጣታቸው ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ስለ ቤተሰብ ከተጨዋወትን በኋላ ለዓመታት ልጠይቃቸው የምፈልገውን ጠየቅሁ። “ጋሼ፣ ያን የውሃ ሙከራ ያዘጋጁት እኛን ለመፈተን ሆን ብለው ነበር?”

ሳቁብኝ። “ምን አዘጋጃለሁ! እኔስ ብሆን 100ን አልነበር የምጠብቀው? 91ን ሳይ ከእናንተ ይልቅ የደነገጥሁት እኔ ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።”

እኔ በብልሃት የተዘጋጀ ትምህርት ይመስለኝ ነበር። ለተማሪዎቼም ብዙ ጊዜ እንደዚያ አድርጌ ተርኬላቸዋለሁ። “ታዲያ ለምን ነገሩን?” አልኋቸው። “ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር እኮ።”

“አይታችሁታል እኮ፣ ልጄ” አሉኝ። “65 ልጅ በዓይኑ ያየውን እንዴት አላያችሁም እላለሁ?”

እኔም የራሴን ታሪክ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ “ለልጆቹ ነገርሃቸው?” መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም አልገፉበትም፤ ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ዛሬ አንዳንዶቹ መምህራን ናቸው፤ ምናልባት አንድ ሁለቱ በዚህ አዳራሽ ይኖሩ ይሆናል። ዘግይቼም ቢሆን እነግራችኋለሁ፦ የዚያ ሙከራ ትክክለኛ መልስ 0.08 ነበር፤ ስሕተቱም የእኔ ነበር። ይህን ንግግር ከማዘጋጀቴ በፊት ለዚያች ተማሪ ጽፌ ታሪኩን እንድናገር ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ፈቅዳለች። ከፈቃዷ ጋር የጻፈችልኝ ቃል ግን ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ከብዶኛል። ሦስተኛውን ጊዜ የደገመችው እኔን ለማሳመን አልነበረም፤ በገዛ ዓይኗ እምነት አጥታ ስለነበር ነው።

ውድ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን የሙከራ ውጤት ይገለብጣሉ እያልን ዘወትር እናማርራለን። አንዳንዶቻችን ባህላችን ነው፣ ከጥንትም ትምህርታችን በቃል መያዝ ነው እንላለን። ይህ ለራሳችን የምንሰጠው ቀላል ምሕረት ይመስለኛል። በዚሁ ባህል ውስጥ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ማንም አያመሰግነውም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምጣት ይጠበቅበታል። ተማሪ የሚገለብጠው መገልበጥ እንደሚያሸልም ከእኛ ሲማር ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ታስታውሳላችሁ። በስክሪኑ ላይ ሙከራው ሁልጊዜ በመጀመሪያው ይሳካል። ማንቆርቆሪያው 91 ላይ አይቆምም፤ መምህሩም “ነገ እንመለስበታለን” አይልም። እኛም ዛሬ በየቤተ ሙከራችን መልሱን አስቀድመን ከሰጠን ከዚያ ስክሪን አንለይም።

እኔ በበኩሌ በኮርሴ ላይ ሦስት ነገሮችን ለውጫለሁ። መጠኑ የታወቀ ውሁድ መስጠቴን ትቼ ለየቡድኑ መጠኑ የተለያየና ያልተነገረ ናሙና እሰጣለሁ፤ ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ግማሽ ቀን ዝግጅት ነው። ተማሪዎች ከቤተ ሙከራ ከመውጣታቸው በፊት በእጃቸው የጻፉትን ጥሬ ቁጥር፣ ስርዙን ሳይቀር፣ እፈርምበታለሁ፤ ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹም ለዚያ ገጽ ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ያልጠበቅሁት ቁጥር ሲመጣ “ተሳስታችኋል” ከማለቴ በፊት ራሴ እለካለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ተማሪዎቹ ናቸው። ሁልጊዜ ግን አይደሉም።

በእኛ ክፍሎች ያለውን ችግር አላቃልልም። ተማሪው ብዙ ነው፤ ኬሚካሉ ጥቂት ነው፤ መምህሩ በሥራ ጫና ተጨንቋል። ነገር ግን በ1976 ዓ.ም. በዚያ ክፍል የነበረው አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ማንቆርቆሪያና አንድ ሳህን በረዶ ነበር።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል ልበል። አንድ ቀን ያያችሁት ነገር ከመጽሐፉ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ወዲያው መጽሐፉ ተሳስቷል አትበሉ፤ ሐረጉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ራሳችሁንም ወዲያው አትሰርዙ። ያያችሁትን ጻፉ፤ ከጎኑ “ለምን?” ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ድገሙት። መምህራችሁ እንደ እኔ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ቢሮውን ደጋግማችሁ አንኳኩ።

ጋሼ ዛሬም በዚያችው ከተማ አሉ። ባለፈው ሰሞን ስደውልላቸው ስለዚህ ንግግር ነገርኋቸው። ስሜን እንዳትጠራ ካሉኝ በኋላ፣ ጥቂት ዝም ብለው፣ “አሁን ታዲያ ለልጆቹ ልትነግራቸው ነው?” አሉኝ።

አዎን፣ ጋሼ፤ ነግሬያቸዋለሁ።